ወለሉ የተበሳ ሬዲዮ



በ1980 ዲሴምበር ወር ኒው ኦርሊንስ ከተማ ውስጥ አንድ ሬዲዮ ጣቢያ ተከፈተ። የከፈቱት ከቴክሳስ የመጡ ሁለት ወንድማማቾች፣ ዋልተርና ጄሪ ብሮክ ናቸው። (ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ታሪኩ የእነሱ ስለሆነ ዘመኑንም ለእነሱ ትቼዋለሁ።) የጣቢያው መለያ ደብልዩ ደብልዩ ኦ ዚ ነው፤ የከተማው ሰው ግን አሳጥሮ «ኦዝ» ይለዋል። ስሙ የተወሰደው ከኦዝ ጠንቋይ ተረት ነው። በተረቱ ውስጥ ከመጋረጃ ጀርባ ተደብቆ ሁሉን የሚያንቀሳቅስ አንድ ሰውዬ አለ። ወንድማማቾቹም «የሬዲዮ አቅራቢ እንደዚያ ሰውዬ ከመጋረጃው ጀርባ ይቅር፣ አድማጭ ሙዚቃውን ይስማ» ብለው ነው ስሙን የመረጡት። የእኛ ኤፍኤም አቅራቢዎች ይህን ባይሰሙብኝ ደስ ይለኛል።

ጣቢያው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የኖረው ቲፒቲናስ ከሚባል የሙዚቃ ክበብ በላይ ባለ ክፍል ውስጥ ነው። ከታች ባንድ ይጫወታል፣ ከላይ ሬዲዮ ያሠራጫል፣ በመካከል ወለል አለ። ልጆቹ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ወለሉ ላይ በነበረ ቀዳዳ ማይክሮፎን ወደ ታች ሰደዱና ከታች የሚጫወተውን ሙዚቃ በቀጥታ ለከተማው አሰሙ።

በኮሮና ወረርሽኝ ዘመን ስለነበረው ጃዝና ሬዲዮ እንድናገር ስጋበዝ ያ ቀዳዳ ነው ትዝ ያለኝ። በ2020 ዓለም በሩን በዘጋ ጊዜ «ሬዲዮና ኢንተርኔት ኮንሰርትን ተኩት» የሚል ወሬ በየቦታው ይነገር ነበር። እኔ አልቀበለውም። ኮንሰርትን የተካው ነገር የለም። አንዳንድ ጣቢያዎች ግን በዚያ የዝምታ ወቅት ለሕዝባቸው የሚሰጡት ነገር ነበራቸው፤ ሌሎቹ አልነበራቸውም። ልዩነቱ የመጣው ከወረርሽኙ በፊት በነበሩት 40 ዓመታት ነው። ማይክሮፎኑን ወደ ሰው መሐል ሲያወርድ የኖረ ጣቢያ፣ ሰው ሲበተን ከጓዳው የሚያወጣው አላጣም።

ከተማዋን ትንሽ ላስተዋውቃችሁ። በኒው ኦርሊንስ ሙዚቃ የመድረክ ነገር ብቻ አይደለም፤ የመንገድም የቀብርም ነው። የጥቁሮቹ ሰፈሮች «ሶሻል ኤይድ ኤንድ ፕሌዠር ክለብ» የሚባሉ ማኅበራት አሏቸው። መነሻቸውን ብትመለከቱ የእኛን እድር ይመስላሉ። ኢንሹራንስ ለጥቁር በማይሸጥበት ዘመን አባላት ጥቂት ጥቂት እያዋጡ የታመመ ያሳክሙ፣ የሞተ ይቀብሩ ነበር። ከእኛ የሚለዩት ለቀብሩ ባንድም መቅጠራቸው ነው። ባንዱ ሬሳውን በዝግታ፣ በሐዘን ዜማ ይሸኛል። አስከሬኑ አፈር ከለበሰ በኋላ ግን ዜማው ይለወጣል፤ ከበሮው ይሞቃል፤ ለቀስተኛው ከባንዱ ኋላ እየጨፈረ ይመለሳል። ከባንዱ ኋላ የሚከተለው ሕዝብ «ሰከንድ ላይን» ይባላል። ማኅበራቱ በወቅቱ እሑድ እሑድም ተራ ገብተው ሰልፍ ይወጣሉ። ሰው የሚማረው፣ የሚተዋወቀውና የሚዋደደው እዚያ ነው። ጃዝም ያደገው ከዚሁ ከተያያዘ ሰውና ከተቀላቀለ ትንፋሽ መሐል ነው።

ኮሮና ደግሞ የሚፈልገው ይህንኑ ነበር። የ2020 ማርዲ ግራ፣ ማለትም የከተማዋ ታላቅ የጎዳና በዓል፣ ፌብሩዋሪ 25 ቀን ተከበረ። ማርች 9 ቀን ከተማዋ ባለችበት በሉዊዚያና ግዛት የመጀመሪያው ታማሚ ይፋ ሆነ። በኤፕሪል መጀመሪያ የግዛቲቱ ገዥ ጆን ቤል ኤድዋርድስ ያወጡት አኀዝ ደግሞ ብዙ ሰው አስደነገጠ፤ ጥቁሮች ከሕዝቡ ሲሶ ያህል ሆነው ሳለ ከሟቾቹ ከ70 በመቶ በላይ እነሱ ነበሩ። ዙሉ የተባለው ስመ ጥር ማኅበር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በርካታ አባላቱን አጣ። ሊሸኛቸው የሚገባው ባንድ ግን ወደ መንገድ መውጣት አይችልም።

ኤፕሪል 1 ቀን ኤሊስ ማርሳሊስ በ85 ዓመታቸው በዚሁ በሽታ ምክንያት ዐረፉ። ፒያኖ ተጫዋች ነበሩ፤ ከዚያ በላይ ግን መምህር ነበሩ። ትራምፔት ተጫዋቹ ዊንተንና ሳክስፎን ተጫዋቹ ብራንፎርድ ልጆቻቸው ናቸው፤ ቴሬንስ ብላንቻርድና ሃሪ ኮኒክ ጁኒየር ተማሪዎቻቸው ናቸው። ፍሬንችመን ጎዳና ላይ ባለው ስናግ ሃርበር ክበብ ለ30 ዓመት ያህል ዓርብ ማታ ዓርብ ማታ ይጫወቱ ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን ለእሳቸው ቀብር ከተማው ግልብጥ ብሎ ይወጣ ነበር። በዚያው ሰሞን ኒው ጀርሲ ላይ ትራምፔት ተጫዋቹ ዋላስ ሮኒና ጊታሪስቱ በኪ ፒዛሬሊ፣ ኒው ዮርክ ላይ ሳክስፎን ተጫዋቹ ሊ ኮኒትዝ፣ ፈረንሳይ ላይ ካሜሩናዊው ማኑ ዲባንጎ ሞቱ። በየጃዝ ጣቢያው የአንዱን ሰው መታሰቢያ ሳያጠናቅቁ የሌላው ይደርስ ነበር። ድንኳን በሌለበት የለቅሶ ድንኳኑ ሬዲዮ ሆነ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሙዚቃ ለምን እንዲህ ተለይቶ ተመታ? አንዱ ምክንያት ትንፋሽ ነው። ማርች 10 ቀን በዋሽንግተን ስቴት፣ ስካጂት በተባለ አካባቢ፣ አንድ የመዘምራን ቡድን ለልምምድ ተሰበሰበ። የመጡት 61 ሰዎች ነበሩ። በምርመራ የተረጋገጡትንና የተገመቱትን ጨምሮ 53ቱ ታመሙ፤ 2 ሞቱ። ከዚያ በኋላ መዘመርና የትንፋሽ መሣሪያ መንፋት በየከተማው በጥርጣሬ ይታይ ጀመር። በኮሎራዶና በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲዎች ያሉ ተመራማሪዎች ከመለከት አፍ የሚወጣውን ረቂቅ ጠብታ መለካት ያዙ፤ በትሮምቦንና በትራምፔት አፍ ላይ የሚታሰር የጨርቅ ክዳንም ተለመደ። ማስክ ያጠለቀ ትሮምቦን አይታችሁ ከሆነ ከዚያ የመጣ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ብዙ ሰው ያላሰበው ነው፤ ጊዜ። ሰው ሁሉ ስብሰባውን ወደ ዙም ሲያዛውር «ባንዱስ ለምን አይዛወርም?» ተባለ። አይሆንም። ድምፅ በአየር ውስጥ 10 ሜትር ለመሄድ 30 ሚሊሰከንድ ገደማ ይወስድበታል፤ በዚህ ርቀት የቆሙ ሁለት ሙዚቀኞች መስማማት ይችላሉ፣ ከዚያ ሲያልፍ ግን ይቸገራሉ። በተራ ኢንተርኔት የቪዲዮ ጥሪ የሚፈጥረው መዘግየት ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ለወሬ አያስቸግርም፤ ድራመሩና ቤዝ ተጫዋቹ በአንድ ምት ላይ ሊወድቁ ሲሉ ግን ሁሉም ይፈርሳል። ጃክትሪፕና ጃሙለስ የተባሉ ፕሮግራሞች መዘግየቱን ለመቀነስ ጠቅመዋል፤ ጥሩ መስመርና ትዕግሥት ያለው ተጠቅሞባቸዋል። ለብዙዎቹ ግን የቀረው አማራጭ ከቤተሰብ ጋር ወይም ብቻ መጫወት ነበር።

አሁን ሬዲዮን አስቡት። ሬዲዮ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይሄዳል። አድማጩ መልሶ አይጫወትም፤ ስለዚህ ድምፁ ትንሽ ቢዘገይ ግድ የለውም። ዘመናዊዎቹ «ኋላ ቀር፣ መልስ የማይቀበል» ብለው የናቁት ጠባዩ በዚያ ዓመት ጥቅም ሆነ። ከተማው ሁሉ ያንኑ ዜማ በአንድ ጊዜ ይሰማል።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የኒው ኦርሊንስ ጃዝና ቅርስ ፌስቲቫል በ1970 ኮንጎ አደባባይ ላይ ሲጀመር የመጣው ተመልካች 350 ያህል ነበር። ኮንጎ አደባባይ በባርነት ዘመን አፍሪካውያን እሑድ እየተሰበሰቡ ከበሮ የሚመቱበት ቦታ ነው። አዘጋጁ ጆርጅ ዌይን ነበር፤ ከመድረኩ ሰዎች መካከል መሐሊያ ጃክሰንና ዱክ ኤሊንግተን ይገኙ ነበር። ኤሊንግተንን እኛም እናውቀዋለን፤ በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ኒሻን ተቀብሏል፤ በቆይታውም ያስተናገደው ሙላቱ አስታጥቄ ነበር። ያ 350 ሰው ያየው ፌስቲቫል በ2019፣ በ50ኛ ዓመቱ፣ 475,000 ሰው ያስተናግድ ነበር። የሚደረገውም በፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ላይ፣ በብዙ መድረኮች፣ ከጠዋቱ 5 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ነው። የ2020ው ኤፕሪል 23 ሊጀመር ቀጠሮ ተይዞለት ነበር። መጀመሪያ ወደ መኸር ተላለፈ ተባለ፤ በኤፕሪል አጋማሽ ጭራሹን ተሰረዘ። ካትሪና የተባለችው ማዕበል እንኳ ያላስቀረችው ፌስቲቫል ነበር፤ ከተማዋን ባጠፋች በሚቀጥለው ዓመት፣ በ2006፣ ተካሂዷል።

ኦዝ ያደረገው በጣም ቀላል ነገር ነበር። ፌስቲቫሉ በሚሆንባቸው በእነዚያው ስምንት ቀናት፣ በእነዚያው ሰዓታት፣ ከቀደሙት ዓመታት የተቀዱ የፌስቲቫሉን ኮንሰርቶች አሠራጨ። ስሙንም «ጃዝ ፌስቲንግ ኢን ፕሌስ» አለው፤ ባሉበት ሆኖ ፌስቲቫል ማክበር እንደ ማለት ነው። እንደ ወትሮው የሰዓት ሠንጠረዥ አውጥቶ ማን መቼ እንደሚሰማ አሳወቀ። ሰዎች በረንዳቸው ላይ የሜዳ ወንበር ዘረጉ፤ ባንዲራ ሰቀሉ፤ ሜዳው ላይ የሚበሉትን ምግብ በቤታቸው ሠሩ፤ ሬዲዮውን በመስኮት በኩል ወደ ውጭ አዞሩ። ጎረቤትና ጎረቤት በየአጥሩ ሆኖ ያንኑ ሶሎ ሰማ። ወትሮ ፌስቲቫል ያዘወተረ ሰው የሚያማርረው «ሁለት የምወዳቸው ሰዎች በሁለት መድረክ በአንድ ሰዓት ተደረቡብኝ» እያለ ነው፤ በዚያ ዓመት መድረኩ አንድ በመሆኑ ይህ ጣጣ ቀረ። ዝናብና ጭቃም አልነበረም፤ ምንም እንኳ ለጭቃው የሚናፍቁ መኖራቸውን ባውቅም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ማለት እፈልጋለሁ። የዚያ ፕሮግራም ብልኃት ያለው ሰዓቱ ላይ ነው። ያንኑ ቅጂ «በፈለጋችሁ ጊዜ ስሙት» ብለው ኢንተርኔት ላይ ቢከምሩት ኖሮ ጥሩ የቅጂ ክምችት ይሆን ነበር፤ ፌስቲቫል ግን አይሆንም። በዚያ ወቅት ቀኑ ከቀን፣ ሌሊቱ ከሌሊት አልለይ ብሎ ነበር። ሰዎች በአንድ ቦታ መገኘት ተከልክለው በአንድ ሰዓት መገናኘት ግን ቀርቶላቸው ነበር፤ ጣቢያው ያንን የቀረውን ያዘ። «በእኩል ሰዓት እየሰማሁ ነው፤ ጎረቤቴም እየሰማ ነው» ማለት ለብቻ ዘፈን ከመክፈት ጋር አንድ አይደለም። የቅዳሴን ሥርጭት በቤቱ ቆሞ የተከታተለ ሰው ይህን ከእኔ በተሻለ ያውቀዋል።

ኦዝ ደግሞ ለመከራ አዲስ አልነበረም። በ2005 ካትሪና ስትመጣ ከስቱዲዮው ተፈናቅሎ፣ በኒው ጀርሲው ደብልዩ ኤፍ ኤም ዩ ጣቢያ እርዳታ በኢንተርኔት «በስደት» አሠራጭቷል። ሁለቱ መከራዎች ግን የተገላቢጦሽ ናቸው። ካትሪና ሰዎችን በመላ አሜሪካ በተነቻቸው፤ በደረሱበት ግን መሰብሰብ፣ መተቃቀፍ፣ መዝፈን ይችሉ ነበር። ኮሮና ሁሉንም በየቤቱ አስቀመጠ፤ መተቃቀፍን ግን ከለከለ። በመጀመሪያው ጊዜ ሬዲዮ የጠፋችውን ከተማ ተሸክሞ ለተበተኑት አደረሰ። በሁለተኛው ከተማዋ ቦታዋ ላይ ነበረች፤ የጠፋው በቤትና በቤት መካከል ያለው ነገር ነው።

ይህ ሁሉ የሆነው ቀድሞ የተቀዳ ነገር ስለነበረ ነው። ፌስቲቫሉም ሬዲዮ ጣቢያውም የአንድ ለትርፍ ያልቆመ ፋውንዴሽን ናቸው፤ የኦዝ አቅራቢዎችም በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ቀን ሌላ ሥራ የሚሠራ ሰው ማታ የሚወደውን ሙዚቃ ይዞ ይመጣል። በየዓመቱ ማይክሮፎን ዘርግቶ፣ የቴፑ ክር ላይ ምልክት አድርጎ፣ መደርደሪያ ላይ ያስቀመጠው ሰው ያን ጊዜ ማንም አላጨበጨበለትም። መቅዳት አሰልቺ ሥራ ነው። ያረጀ ክር ይበላሻል፣ ወደ ዲጂታል ለመገልበጥ ገንዘብ ይፈልጋል፣ ለጋሽ ደግሞ አዲስ ነገር እንጂ አሮጌ ሣጥን አያስደስተውም። እስቲ በአዲስ አበባ ክበቦች ባለፉት 20 ዓመታት ከተጫወቱት ምሽቶች ስንቱ በአንድ ሬዲዮ ጣቢያ መደርደሪያ ላይ ይገኛል? በ2020 የእኛም የምሽት ክበቦች ተዘግተው፣ ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብም ተከልክሎ ነበር።

ኦዝ ከመቅዳት ሌላም ልማድ አለው፤ በየሁለት ሰዓቱ በከተማው ማን የት እንደሚጫወት በአየር ላይ ያነባል። «ላይቭዋየር» ይባላል። የክበቡን ስም፣ የባንዱን ስም፣ ሰዓቱን። ለሌላ ሰው ተራ ማስታወቂያ ይመስላል፤ ለሙዚቀኛው ግን የዛሬ ማታ እንጀራው ነው። በማርች 2020 ከንቲባዋ ክበቦችን ሲዘጉ ያ ዝርዝር ባዶ ሆነ።

ሙዚቀኛው ግን ዝም ብሎ አልተቀመጠም። አንዳንዱ በረንዳው ላይ ወጥቶ መጫወት ጀመረ፤ ሰፈርተኛው ወንበሩን ይዞ በመንገዱ ዳርቻ ተራርቆ ይቀመጣል፤ ሽልማቱ በስልክ ይላካል። ከ1961 ጀምሮ ሙዚቃ ያለ ማጉያ ሲሰማበት የኖረው ፕሪዘርቬሽን ሆል የተባለው የከተማዋ የሙዚቃ አዳራሽ ለአንጋፋ ሙዚቀኞቹ ገንዘብ ለማሰባሰብ በ2020 ጁን ወር በኢንተርኔት ትልቅ ዝግጅት አደረገ። የ2021 ማርዲ ግራ ሰልፍ ሲከለከል ነዋሪዎች ቤቶቻቸውን እንደ ሰልፍ መኪና አስጊጠው ሰው በመኪና እየዞረ እንዲያይ አደረጉ። ኒው ዮርክ፣ ሃርለም ውስጥ ደግሞ ወጣቱ ፒያኒስት ኤመት ኮኸን ሥራው ሁሉ ሲሰረዝበት ቤዝ ተጫዋቹን ረስል ሆልንና ድራመሩን ካይል ፑልን ሳሎኑ ውስጥ ሰብስቦ ሰኞ ሰኞ ማታ በኢንተርኔት መጫወት ያዘ። በኋላ ሂውስተን ፐርሰንን የመሰሉ አንጋፋዎች ከዚያች ጠባብ ሳሎን ተጫውተዋል። ጨዋታው አዲስ አይደለም። በ1920ዎቹ የሃርለም ተከራይ የወር ኪራይ ሲያንሰው ቤቱን ለድግስ ይከፍት ነበር፤ እንደ ፋትስ ዎለርና ጄምስ ፒ ጆንሰን ያሉ ፒያኒስቶች ይጫወታሉ፣ እንግዳው ለመግቢያ ጥቂት ሳንቲም ይከፍላል፣ ኪራዩም ይሞላል። ሃርለም የረሳችውን ጥበብ ኮሮና አስታወሳት።

እንግዲህ ገንዘብ የሚባለውን ነገር አንሥተናል፤ እዚህ ላይ ከሬዲዮ ወዳጆቼ ጋር እጣላለሁ። በአሜሪካ ሕግ ኤፍኤም ጣቢያ አንድ ዘፈን ሲያሠራጭ ለደራሲው ይከፍላል፤ ለተጫዋቹ ምንም አይከፍልም። ምክንያቱ «ሬዲዮ ያስተዋውቅሃል፤ አንተ በአልበምና በመድረክ ታገኘዋለህ» የሚል የቆየ ስምምነት ነው። ይህ ጃዝን ከሁሉ ይበልጥ ይጎዳል። ጃዝ ተጫዋች ሌላ ሰው ከ80 ዓመት በፊት የደረሰውን ዜማ ወስዶ በራሱ ፈጠራ ይለውጠዋል፤ ጥበቡ ያለው በአጨዋወቱ ላይ ነው፤ ክፍያው የሚሄደው ለደራሲው ወራሾች ነው። ያው ሙዚቃ በኢንተርኔት ሬዲዮ ሲሄድ ግን ሕጉ ይለያል። ሳውንድኤክስቼንጅ የተባለ ድርጅት ገንዘቡን ሰብስቦ ከመቶው 50ውን ለቅጂው ባለቤት፣ 45ቱን ለዋናው አርቲስት፣ 5ቱን ለአጃቢዎቹ ያከፋፍላል። አንድ ጣቢያ፣ አንድ ዘፈን፣ አንድ ሰዓት፤ በአንቴና የሰማኸው ለተጫዋቹ ባዶ፣ በስልክህ የሰማኸው ጥቂት ሳንቲም።

ወረርሽኙ የዚያን ስምምነት አንድ እግር ቆረጠው። መድረኩ ሲዘጋ «በመድረክ ታገኘዋለህ» ማለት ፌዝ ሆነ። የኒው ኦርሊንሱ ፋውንዴሽን ለሉዊዚያና ሙዚቀኞች የእርዳታ ገንዘብ አሰባስቦ አከፋፈለ፤ የአሜሪካ ጃዝ ፋውንዴሽንም እንዲሁ። መልካም ነው፤ ነገር ግን እርዳታና ደመወዝ ይለያያሉ፤ ሙዚቀኛ ደግሞ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል።

ፌስቲቫሉ በ2021 መኸር ሊመለስ ተዘጋጅቶ በዴልታ ዝርያ ምክንያት በኦገስት እንደገና ተሰረዘ። የተመለሰው ኤፕሪል 29 ቀን 2022 ነው። ማይክሮፎኖቹም ወደ ሜዳው ተመለሱ። የተጫዋቹ ክፍያ ጉዳይ ግን ባለበት አለ። በ2021 ጁን ወር ኤፍኤም ጣቢያዎች ለተጫዋቾች እንዲከፍሉ የሚያስገድድ ረቂቅ ሕግ ለአሜሪካ ኮንግረስ ቀረበ፤ እንደ ኦዝ ላሉ ለትርፍ ላልቆሙ ጣቢያዎች ክፍያውን በጣም አነስተኛ ያደርግላቸዋል። ትልልቆቹ አሠራጮች ተቃወሙት። ረቂቁ በኋላም በድጋሚ ቀርቧል፤ አልጸደቀም። በዚህ አዳራሽ ውስጥ የሬዲዮ ባለቤቶችም ሙዚቀኞችም እንዳላችሁ አይቻለሁ። አወያዩ ማይክሮፎኑን መጀመሪያ ለየትኛው ወገን እንደሚሰጡ ከመድረኩ ወርጄ ልከታተል።